ከሞረድ እስከ ሰርጓጅ መርከብ፦ የባሮው ተለማማጆች

በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ ወደ አይሪሽ ባሕር በሚዘልቀው የፈርነስ ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ የምትገኘው ባሮው ኢን ፈርነስ፣ የብሪታንያ ባሕር ኃይል በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱ ሰርጓጅ መርከቦቹን ዛሬ የሚያስገነባባት ብቸኛ ከተማ ናት። በ2021 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የባሮው ወረዳ ነዋሪ 67 ሺህ ያህል ሲሆን፣ ቢኤኢ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በሚያስተዳድረው የመርከብ ግንባታ ስፍራ የሚሠራው ሰው ከ10 ሺህ በላይ ስለሆነ፣ በከተማዋ ከመርከብ ሥራ ጋር ዘመድም ጎረቤትም የማያገናኘው ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። በ1986 የተጠናቀቀው የዴቨንሻየር አዳራሽ 260 ሜትር ርዝመት፣ 58 ሜትር ስፋትና 51 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የከተማዋን ጣሪያዎች ሁሉ ቁልቁል እያየ ሰርጓጅ መርከቦቹን ከዝናብም ከሳተላይት ዓይንም ሸሽጎ ይይዛል። ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደዚህ ግቢ ገብተው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚዘልቅ የተለማማጅነት ሥልጠና ያልፋሉ። ተለማማጅነት ሲባል ሠልጣኙ ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ሆኖ፣ ከሳምንቱ የተወሰነውን ጊዜ በኮሌጅ ወይም በሥልጠና ማዕከል፣ የቀረውን በሥራ ላይ እያሳለፈ ሙያ የሚማርበት ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ በእንግሊዝ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1563 የወጣው የእጅ ባለሙያዎች ሕግ ሰባት ዓመት ያልተለማመደ ሰው በሙያው እንዳይሠራ ይከለክል ነበር፤ የተለማማጅነት አንቀጾቹ የተሻሩት ፋብሪካዎች ከተስፋፉ በኋላ በ1814 ነው። የባሕር ኃይሉም በራሱ የመርከብ ግንባታ ስፍራዎች ከ1843 ጀምሮ ለተለማማጆች ትምህርት ቤቶችን ከፍቶ፣ ቀን መጥረቢያና መዶሻ የሚይዙትን ወጣቶች ሒሳብና ሥዕል ያስተምር ነበር። ባሮው ወደዚህ ታሪክ የገባችው ዘግይታ ነው። መርከብ መሥራት የጀመረችው በ1870ዎቹ ሲሆን፣ ከ1897 ጀምሮ ቪከርስ በተባለው ድርጅት እጅ ሆና አድሚራል ቶጎ በ1905ቱ የጹሺማ ውጊያ የጃፓንን መርከቦች የመራበትን ሚካሳን ሠራች። በ1901 የእንግሊዝን የመጀመሪያ ሰርጓጅ መርከብ፣ በ1960 ደግሞ በንግሥት ኤልሳቤጥ እጅ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ድሬድኖትን ወደ ውኃ አወረደች። የዚህ የመጨረሻው ሪአክተር፣ ማለትም የኑክሌር ነዳጅ የሚብላላበትና ሙቀት የሚያመነጨው ክፍል፣ ከአሜሪካ የመጣ ነበር። እንግሊዞች የራሳቸውን ለመሥራት የቻሉት ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ዛሬ የሪአክተሩ ሥራ ከባሮው ርቃ በምትገኘው በደርቢ ከተማ፣ በሮልስ ሮይስ እጅ ነው፤ ኩባንያው በ2022 በዓመት 200 ተለማማጆችን የሚቀበል የኑክሌር ክህሎት አካዳሚ እዚያው ከፍቷል።

የባሮው ተለማማጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰርጓጅ መርከብ አያይም። የሚገባው በ2018 ወደተከፈተው የሥልጠና አካዳሚ ሲሆን፣ የሚሰጠውም በሞርሳ የተጠረነቀ የብረት ቁራጭ፣ አንድ ሞረድና አንድ የንድፍ ወረቀት ነው። የአዳራሹን አየር የቆራጭ ማሽን ዘይት ሽታ ሞልቶታል፤ ከዳር ቶርኖዎች ተደርድረዋል፤ ወጣቶቹ የደህንነት መነጽር አድርገው፣ አፍንጫው ላይ ብረት ያለው ጫማ ተጫምተው፣ በሞርሳዎቹ ላይ አጎንብሰው ብረት ይሞርዳሉ። ማሽን በደቂቃዎች የሚጨርሰውን ሥራ ለቀናት በእጅ ማሠራት ለተመልካች የድሮ ዘመን ልማድ ቅሪት ሊመስል ይችላል፤ ትዕግሥት ለማስተማር ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያም ነገሩን ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም። ዋናው ትምህርት ልኬት ነው። ንድፉ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈው የሚፈቀድ ልዩነት፣ ማለትም ሥራው ከታዘዘው መጠን ሊበልጥ ወይም ሊያንስ የሚችልበት ወሰን፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ያልበለጠ ስለሆነ፣ ተለማማጁ ጥቂት በሞረደ ቁጥር በቨርኒየር ካሊፐር ወይም በማይክሮሜትር ይለካል፤ ሲይዘው ብረቱ በእጁ ሙቀት እንደሚሰፋ፣ ሞረዱን ሲያዘነብል ጠርዙ እንደሚድበለበል፣ አንዴ የተነሳ ብረት ደግሞ ተመልሶ እንደማይጣበቅ በዚያ ሒደት ይረዳል። የተበላሸው ቁራጭ ተጥሎ ሌላ ይሰጠዋል። ከቁጥሩ ያነሰውን ሥራ «ይበቃል» ብሎ ማስረከብ የሚያስወቅስ መሆኑን፣ «አበላሽቻለሁ» ብሎ መናገር ግን የማያስወቅስ መሆኑን የሚማረውም እዚሁ፣ ጥፋቱ ገና ዋጋ በማያስከፍልበት ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ሙያዎቹ ይለያያሉ። አንዱ በያጅ፣ ሌላው የቱቦ ገጣጣሚ፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ሌላው ወፍራም ላሜራ ቆርጦ የሚያጎብጥ የብረት ሠራተኛ ይሆናል። በዲግሪ ደረጃ የሚሠለጥኑት ደግሞ ወደ ንድፍ ክፍል፣ ወደ ኑክሌር ደህንነት ወይም የመርከቡን ሚዛንና ቅርጽ ወደሚያሰላው የመርከብ ምህንድስና ይመደባሉ። ከሁሉም ይልቅ የሥራውን ጠባይ የሚያሳየው ብየዳ ነው።

የሰርጓጅ መርከብ ዋና አካል ግፊት ተሸካሚ ቀፎ የሚባለው ነው፤ ይህም ሠራተኞቹና መሣሪያዎቹ የሚገኙበት፣ ከወፍራም ብረት የተሠራ ረጅም ቱቦ መሰል ክፍል ሲሆን፣ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተሠርቶ በብየዳ ይገጣጠማል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ የከባቢ አየር ግፊት ስለሚጨመር፣ 300 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 300 ቶን ያህል ሸክም ይሸከማል። ቀፎው ይህን የሚችለው ክብነቱን እስከጠበቀ ድረስ ነው፤ ከክብነቱ ትንሽ ከተዛባ ሸክሙ በእኩል መከፋፈሉን ትቶ ወደ ተጣመመው ቦታ ይከማቻል። ብየዳ ደግሞ ብረትን አቅልጦ ሲያያይዝ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ስለሚጎትተውና ስለሚያጣምመው፣ በያጁ የሚያያይዘውን ያህል የሚያበላሽበት ዕድልም አለው። ስለዚህ ከየትኛው ወገን እንደሚጀመር፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚቀጠልና በስንት ድርብ እንደሚሞላ አስቀድሞ ተጽፎ ይሰጠዋል።

ብረቱ ራሱም በቀላሉ የሚበየድ አይደለም። ለቀፎ የሚመረጠው ብረት እጅግ ጠንካራ በመሆኑ፣ ከእርጥበት የሚመጣ ጥቂት ሃይድሮጅን በቀለጠው ብረት ውስጥ ከገባ፣ ብየዳው ተጠናቆና ቀዝቅዞ አምሮ ከታየ ከሰዓታት አልፎም ከቀናት በኋላ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን ለመከላከል የሚበየደው ቦታ አስቀድሞ ይሞቃል፤ የብየዳ ኤሌክትሮዶች እርጥበት እንዳይስቡ በምድጃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በያጁም ከምድጃው ያወጣቸውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተጠቀመባቸው እንዲመልስ ይገደዳል። ከመርከብ ሥራ ውጭ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ሥርዓት ሲያይ የቢሮክራሲ አባዜ ሊለው ይችላል፤ ስንጥቁ ግን ለዓይን አይታይም። የተበየደው ሁሉ በራጅና ከጆሮ የመስማት አቅም በላይ በሆነ የድምፅ ሞገድ የሚመረመረውም ለዚሁ ሲሆን፣ የድምፁ ሞገድ በብረቱ ውስጥ ሲጓዝ ጉድለት ካገኘ ስለሚመለስ መርማሪው የጉድለቱን ቦታና መጠን ከማያ ገጹ ያነባል። ተለማማጅ በያጅ በግድግዳ፣ በወለልና ከራስ በላይ እያንዳንዱን አቀማመጥ በሙከራ ቁራጭ ላይ በይዶና ቁራጩ ተመርምሮ ካላለፈ በቀር ወደ ቀፎው አይጠጋም፤ ያለፈውም ቢሆን ፈቃዱ ለተፈተነበት የብየዳ ዓይነት ብቻ የሚሠራ ነው።

እንዲህ ያለው ጥብቅነት መነሻ ያለው ነው። የአሜሪካው ኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ትሬሸር ሚያዝያ 10 ቀን 1963 ከኬፕ ኮድ በስተምሥራቅ የጥልቀት ሙከራ ሲያደርግ ከነበሩበት 129 ሰዎች ጋር ሰጠመ። አጣሪው ጉባኤ የደረሰበት ግምት፣ የባሕር ውኃ በሚያልፍበት ቱቦ ላይ በብር ቅልቅል የተያያዘ መጋጠሚያ ሳይከፈት አልቀረም፣ የገባውም ውኃ የኤሌክትሪክ መስመሩን አጥፍቶ ሪአክተሩን አቁሞታል የሚል ነበር። ከአደጋው በፊት በነበረው የጥገና ጊዜ ከመጋጠሚያዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ በድምፅ ሞገድ ተፈትሸው 14 በመቶ ያህሉ ከደረጃ በታች ሆነው ተገኝተው ነበር፤ የቀሩት ግን ሳይፈተሹ መርከቡ ወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰብሴፍ የተባለ የጥራት ማረጋገጫ ሥርዓት አቋቋመ፤ በዚህ ሥርዓት ባሕር ውኃን ከመርከቡ ውስጥ የሚያግድ ማንኛውም ክፍል ብረቱ ከየትኛው ማቅለጫ እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ መረመረው የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለው፣ ቢሠራም እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በሥርዓቱ የተመሰከረለት ሰርጓጅ መርከብ እስካሁን አልጠፋም። የመከታተያ መዝገብ አስተሳሰቡ በብሪታንያም የሥራው አካል ስለሆነ፣ የባሮው ተለማማጅ የሥራ ሰዓቱን ብዙ ክፍል ለመጻፍ፣ ለመፈረምና የሌላውን ፊርማ ለማረጋገጥ ማዋሉ ብዙዎቹን በመጀመሪያ ያሰለቻቸዋል። ወደ እጅ ሥራ የመጡት ወረቀት ሸሽተው ነውና ቅሬታቸው የሚገባ ነው።

ሠልጣኙ ወደ ግንባታው አዳራሽ ሲዘልቅ የሚጠብቀው ጠባብ ቦታ ነው። አስቱት የተባለው ክፍል (ማለትም በአንድ ንድፍ የሚሠሩ መርከቦች ምድብ) ሰርጓጅ መርከብ 97 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ በግንባታ ላይ እያለ ውስጡ በኬብል፣ በቱቦ፣ በመብራት ገመድና በአየር ማስገቢያ ጎማ ይሞላል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆሙ ቦታዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ቱቦ ሲገጥም ከበላዩ ሌላው ይበይዳል፤ ከበያጁ አጠገብ ደግሞ እሳት እንዳይነሳ የሚጠብቅ ሰው በማጥፊያ ይቆማል፤ ተለማማጁም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ ጥበቃ ነው። ወደ ንጹሕ ክፍሎች የሚገባው መሣሪያ ሁሉ ሲገባም ሲወጣም ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ አንድ ዳዶ ከጎደለ እስኪገኝ ሥራ ይቆማል፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የቀረች ትንሽ ብረት ከዓመታት በኋላ ቫልቭ ልታግድ ትችላለችና።

እዚህ ላይ ተለማማጁ ከነባር ባለሙያ ጋር ይጣመራል። ነባሩ ቱቦው ሲጠብቅ በቁልፉ ላይ የሚሰማውን ስሜት፣ የብየዳው ድምፅ ሲለወጥ ምን እንደ ተበላሸ፣ ንድፉ ትክክል ሆኖ ሳለ እጅ የማይደርስበትን ቡሎን ከየት በኩል መያዝ እንደሚቻል ያውቃል። ይህ ዕውቀት በየትኛውም መመሪያ የለም፤ ካወቁት ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ ቢጠየቁ እንኳ በቃል ሊያስረዱት አይችሉም፣ ይዘው ያሳያሉ እንጂ። የተለማማጅነት ሥርዓቱ ዋጋ ከምንም በላይ በዚህ የሚለካ ሲሆን፣ ባሮው ይህን የተረዳችው ካጣችው በኋላ ነው።

የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ትእዛዞች ቀነሱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 14 ሺህ ገደማ የነበረው የሠራተኛ ቁጥር በቀጣዩ ዐሥር ዓመት ወደ 3 ሺህ ገደማ ወረደ። የመጨረሻው የቫንጋርድ ክፍል ሰርጓጅ መርከብ በ1998 ወደ ውኃ ሲወርድ፣ ተከታዩ የአስቱት ሥራ ውሉ በ1997 ቢፈረምም ግንባታው በይፋ የተጀመረው በ2001 ነበር። በዚህ ክፍተት ልምድ ያላቸው ንድፍ አውጪዎችና በያጆች ጡረታ ወጡ ወይም ሌላ ሥራ ፍለጋ ከተማዋን ለቀው ሄዱ፤ ተለማማጅ ተቀብሎ የሚያስተምር ሰውም እየተመናመነ ሄደ። ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ንድፉ በኮምፒዩተር ሦስት ገጽታ ባለው ሥዕል እንዲሠራ የተመረጠው አዲስ ዘዴ በቂ ልምድ ባለው ሰው ስላልታገዘ ሥራው ተጓተተ፤ በ2003 መንግሥትና ኩባንያው ውሉን በተጨማሪ ገንዘብ ለማሻሻል ተገደዱ፤ ከአሜሪካው ኤሌክትሪክ ቦት ኩባንያ ባለሙያዎች መጥተው እንዲያግዙ ተደረገ። አስቱት በ2007 ወደ ውኃ ወረደ፣ በ2010 ወደ አገልግሎት ገባ፤ መዘግየቱ ከአራት ዓመት በላይ ነበር። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋምም በ2005 ለብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ባቀረበው ጥናት የሰርጓጅ መርከብ ንድፍና ግንባታ ክህሎት ሥራ በሌለበት ጊዜ ጠብቆ ማቆየት ስለሚቻልበት መንገድ መረመረ። ዛሬ በየዓመቱ ወጣቶችን በብዛት የመቀበሉ ፖሊሲ ከዚያ ተሞክሮ ተለይቶ የሚታይ አይደለም፤ የበጎ አድራጎት ተግባር አድርጎ የሚያቀርበው የኩባንያዎች ቋንቋ ይህን ታሪክ ይጋርዳል።

ስለ ክፍያና ስለ አስተዳደሩ በአጭሩ መናገር ይበቃል። ከ2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቀጣሪዎች ከዚህ መጠን በላይ ካለው የደመወዝ ወጪ 0.5 በመቶውን የተለማማጅነት ግብር ይከፍላሉ፤ በእንግሊዝም ገንዘቡን መልሰው ለሥልጠና ሊያውሉት ይችላሉ። ከ2015 ወዲህ ተለማማጅነት እስከ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ድረስ ሊያደርስ ስለሚችል፣ የዩኒቨርሲቲ ዕዳን የሚፈሩ ወጣቶች በብዛት የሚሻሙበት መስመር ሆኗል። ለተለማማጅ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በሚያዝያ 2025 በሰዓት 7.55 ፓውንድ የነበረ ሲሆን፣ ትልልቆቹ የመከላከያ ኩባንያዎች ከዚህ አብልጠው ይከፍላሉ። ሥልጠናው የሚያበቃው ነጻ ፈታኞች ሠልጣኙ ያጠራቀመውን የሥራ ማስረጃ መርምረው፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገ በቃል ጠይቀው ሲያሳልፉት ነው።

ከሌላው ኢንዱስትሪ ተለማማጆች የሚለያቸው ዋና ነገር ዝምታ ነው። ወደ ሥራው ከመግባታቸው በፊት የደህንነት ማጣሪያ ያልፋሉ፤ መደበኛው ማጣሪያ የወንጀል፣ የዕዳና የደህንነት መሥሪያ ቤት መዛግብትን የሚያይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹ በብሪታንያ ቢያንስ አምስት ዓመት የኖረ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ቦታዎች የብሪታንያ ዜግነትን ይጠይቃሉ፤ ለአንዳንዶቹ ጥምር ዜግነት እንቅፋት ይሆናል። በብሪታንያ ለሚያድጉ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰቦች ልጆች ይህ ጥያቄ ልዩ መልክ አለው፤ የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደ ተወ ስለሚቆጥር፣ እንግሊዛዊ ዜጋ የሆነ ወላጅ በሕግ ፊት ባለ አንድ ዜግነት ነው፤ ማጣሪያው ግን የዘመድ ትስስርንና የጉዞ ታሪክንም መጠየቁ አይቀርም። ማጣሪያውን ያለፈ ወጣት ስልኩን በር ላይ ትቶ ይገባል፤ የሠራውን ፎቶ ለእናቱ ማሳየት አይችልም፤ የሥራ ልምዱን ሲጽፍም የትኛው ቃል እንደሚፈቀድ ማሰብ ይኖርበታል። በዕድሜ እኩዮቹ ውሏቸውን ሁሉ በማኅበራዊ ሚዲያ በሚያሰራጩበት ዘመን ይህ ከብየዳው ባልተናነሰ የሚለመድ ዲሲፕሊን ነው።

የሚሠራው ነገር ምንነትም ጥያቄ ያስነሳል። ባሮው የሠራቻቸው የቫንጋርድ ክፍል መርከቦች ትራይደንት የተባለውን የኑክሌር ሚሳኤል የሚሸከሙ ሲሆን፣ ብሪታንያ ከ1969 ጀምሮ ቢያንስ አንድ የኑክሌር ሚሳኤል የሚሸከም ሰርጓጅ መርከብ ሁልጊዜ በባሕር ላይ እንዲኖር ታደርጋለች። የከተማዋ የሌበር ፓርቲ እንደራሴና የቀድሞው የሥራ ሚኒስትር አልበርት ቡዝ ብሪታንያ የኑክሌር መሣሪያዋን በራሷ ፈቃድ እንድትተው የሚደግፉ ስለነበሩ፣ በ1983 ምርጫ ወንበራቸውን ለወግ አጥባቂው ተወዳዳሪ አጡ። በተከታዩ ዓመት ግን በዚያው ግቢ የሚሠሩ የሠራተኛ ማኅበር አባላትና የሰላም ተሟጋቾች ተባብረው የባሮው አማራጭ የሥራ ኮሚቴን አቋቋሙ፤ ያንኑ የብየዳና የቱቦ ሙያ ለባሕር ማዕበል ኃይል ማመንጫና ለባሕር ላይ ኢንዱስትሪ ማዋል ይቻላል ሲሉም ተከራከሩ። ሐሳባቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው የሥራ ቅነሳ ግን ከተማዋ በአንድ ደንበኛ ላይ መንጠልጠሏ የሚያስከትለውን አደጋ በተመለከተ ሥጋታቸው መሠረት እንደ ነበረው አሳየ። ዛሬ የሚገቡት ወጣቶች ጥያቄውን በየራሳቸው ይመልሱታል፤ ከሞራል ጥያቄው ይልቅ ቋሚ ሥራ መኖሩን የሚያስቀድሙ መኖራቸው ግን፣ ከከተማዋ ርቀትና ከሌላ አማራጭ ማነስ ጋር ሲታይ አያስገርምም።

ሥራው ለጊዜው አይጎድልም። እያንዳንዳቸው 17,200 ቶን የሚመዝኑ አራት አዲስ የድሬድኖት ክፍል ሰርጓጅ መርከቦች በግንባታ ላይ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በ2030ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገልግሎት እንዲገባ ታቅዷል። አውስትራሊያ፣ ብሪታንያና አሜሪካ በመስከረም 2021 ባወጁት ኦከስ በተባለው ስምምነት መሠረት ደግሞ በብሪታንያ ንድፍ የሚሠራ አዲስ ሰርጓጅ መርከብ በባሮውም፣ በአውስትራሊያ አደሌድ አጠገብ በሚገኘው ኦስቦርንም ይገነባል፤ የብሪታንያው በ2030ዎቹ መጨረሻ፣ የአውስትራሊያው በ2040ዎቹ መጀመሪያ ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። አውስትራሊያ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ሠርታ ስለማታውቅ፣ ኤኤስሲ የተባለው የሰርጓጅ መርከብ ኩባንያዋ ሠራተኞቹን ከ2024 ጀምሮ ለልምምድ ወደ ሐዋይ፣ ወደ ፐርል ሃርበር የጥገና ስፍራ መላክ ጀምሯል። ይህ ሁሉ ተለማማጅ የሚጠይቀው ገንዘብና ሕንጻ ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ነው፤ ማስተማር የሚችሉት ደግሞ ድሬድኖትን በጊዜው ለማድረስ በቀፎው ውስጥ የሚፈለጉት ነባር በያጆችና ገጣጣሚዎች ስለሆኑ፣ ከእነሱ ስንቱ ከግንባታው ወጥቶ ወደ ሥልጠና ማዕከሉ መዛወር እንዳለበት የባሮው ሥራ መሪዎች በየዓመቱ የሚወስኑት ጉዳይ ሆኖ ይቀጥላል።